ሳይጠብቅ የቀረው ብሎን

ልጆች፣ ድንቢጥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ነው ድንቢጥ ያሏት፤ አፏ ግን ትንሽ አልነበረም! የምትኖረው ከመኪና መጠገኛው ግቢ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ መካኒክ ነው። በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማታንስ መኪና አለችው።

የአባቷን ታላቅ እህት ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ነበር። ሰባት ወር ጠብቃ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ደረሳት። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ስለዚህ አባት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የመኪናዋን ዘይት ለመቀየር ተነሣ።

መኪናዋን ከሥር ለመሥራት በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ አቆመ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ከሥር ያለውን ብሎን ፈታ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዘይት ሳፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ዘይቱን የሚያጣራውን አሮጌ ፊልትሮ አወጣ፤ የአዲሱን የጎማ ቀለበት ዘይት ቀብቶ አሰረው። ብሎኑን በጣቱ መልሶ እንዳስገባ ደንበኛ ጠራው።

“ድንቢጤ፣ በመፍቻ አጥብቂልኝ። እምቢ እስኪልሽ ድረስ፤ አደራ!”

“እሺ አባዬ።”

ወርዳ መፍቻውን አነሣች። ወዲያው ጓደኞቿ ከበር ተጣሩ። “ድንቢጥ! ገመድ ዝላይ ልንጀምር ነው፤ ነይ እንጂ!”

ብሎኑን በጣቷ ነካ አደረገችው። የጠበቀ መሰላት። መፍቻውን ጥላ ሮጠች። እናንተስ አልሮጥም ነበር ትላላችሁ? እኔ እንጃ።

ስትመለስ አባቷ አዲሱን ዘይት ይዞ ቆሟል።

“አጠበቅሽው?”

አሁንም ወርዳ ማጥበቅ ትችል ነበር። ግን አፈረች። “አዎ” አለች።

በማግስቱ አባትና አክስት መንገድ ጀመሩ። እኩሌታው ላይ አክስት፣ “ወንድሜ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል” አለች። ዓይኗ ቢደክምም አፍንጫዋ አይሳሳትም። አባት ቆሞ አየ። ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ፈስሷል፤ ብሎኑም የለም። ሞተሩ ለጥቂት ተረፈ። የሰው መኪና ለምነው ሲደርሱ ግን ተራዋ አልፎ ነበር። አዲሱ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ሆነ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ አባት ቤት ሲገባ። “ብሎኑን አጣምሜ አስገብቼው ጥርሱ ተበላሽቶ ይሆናል። ልጄማ አጥብቄያለሁ ብላኛለች፤ እሷ አትዋሽም።”

ድንቢጥ ሁሉንም ሰማች።

ከሁለት ቀን በኋላ ባለ ዳቦ ቤቱ ዘይት ሊያስቀይር መጣ። አባት ራሱን ነቀነቀ። “ሌላ ሰው ጋ ውሰደው። እጄን አላምነውም።”

ልጆች፣ ዝም ብትል ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን የአባቷን እጅ ያዘች።

“አባዬ፣ እጅህ ምንም አላጠፋም። በመፍቻ አልነካሁትም። ዋሽቼህ ነው።”

አባቷ አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

“ለእኔ ነገርሽኝ” አለ። “ቀኗን ያጣችው ግን አክስትሽ ናት።”

ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። አክስቷን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ የድንቢጥን ፊት ዳበሰች፤ በእንባ ርሷል።

“ሦስት ወር ቀላል አይደለም፣ ልጄ። ይቅር ብዬሻለሁ። ያለፈው ቀን ግን አይመለስም። እስከዚያ አንቺ ዓይኔ ሁኚ።”

ሆነችላት። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፍ አነበበችላት። መርፌ ውስጥ ክር አስገባችላት። መንገድ አሻገረቻት። አንዳንድ ቀን ጨዋታው አምሯት ታለቅስ ነበር፤ ቢሆንም አልቀረችም።

ሦስት ወሩ አለፈ። የአክስቷ ዓይን ፋሻ ሲነሣ ድንቢጥ አጠገቧ ቆማ ነበር። አክስቷ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

“ድምፅሽን አውቃለሁ እንጂ መልክሽን ረስቼው ነበር” አለች፤ ሳብ አድርጋም አቀፈቻት።

ልጆቼ፣ ውሸት ጥፋታችንን ለንጹሕ ሰው ያሸክማልና፣ ስታጠፉ ሳትውሉ ሳታድሩ እውነቱን ተናገሩ።