የ«ሹክሹክታ» የመጨረሻው ገመና

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በመፀው ወራት፣ የሻንግሃይ ሰው የወንዝ ሸርጣን ለመብላት በሚሻማበት ሰሞን፣ ፓን ዪሰን የተባለ ጎልማሳ በፉጆ ጎዳና ከአንድ የባርኔጣ ሱቅ ሰገነት ላይ «ሹክሹክታ» የምትባል፣ ከመሐረብ እምብዛም የማትሰፋ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ታላላቆቹ ጋዜጦች የጦር አበጋዞችን ውጊያና የሐር ገበያን ሲዘግቡ፣ «ሹክሹክታ» የየትኛው ባለጸጋ ቁባት ከየትኛው ሹፌር ጋር እንደኮበለለች ታወራ ነበር፤ ሹማምንቱም በአደባባይ እየናቋት በጓዳ ይሻሟት ነበር።

በዚያች ከተማ የተጣላ ሰው ዳኛ ደጅ አይጠናም፤ ባላጋራውን ሻይ ቤት ይጠራዋል እንጂ። ሁለቱ በታዳሚው ፊት ይሟገታሉ፤ ጥፋተኛ የተባለው የቤቱን ሰው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል፤ ሲታረቁም ቀዩና አረንጓዴው ሻይ ባንድ ሲኒ ተቀላቅሎ ሁለቱም ይጎነጩታል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ጠብ ዳግም የቀሰቀሰ ሰው፣ ሰው አይባልም። ፓን ሻይ ቤት ሳይጠራ የዋለበት ሳምንት አልነበረም። ይሸነፋል፣ ይጋብዛል፣ ይጠጣል፤ በማግሥቱም ሙግቱን ራሱን ከነዕርቁ ያትመዋል! ታዳሚውም ስሙ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ይገዛል። ወይ ያ ዘመን! ጋሪ ጎታቾች ማንበብ የሚችለውን ጓደኛቸውን ከበው ሲሳሳቁ፣ ፓን ከሰገነቱ ቁልቁል እያየ ደስታው ልቡን ይሞላው ነበር።

በ1935 ሻይ ቤት የጠራችው የኦፔራ ዘፋኟ ዪን ሱዩን ነበረች።

«አቶ ፓን፣ ገጠር የደበቀችው ባል አላት ብለው ጽፈዋል» አለችው። «እስቲ ያምጡልኝ፤ እኔም ስፈልገው ነው የኖርኩት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፓን ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እመቤቴ፣ ተሸንፌያለሁ።»

«እንግዲያው ይጠጡ። ከዛሬ ወዲያ ስሜን ቢያጎድፉ ግን ይህ ሻይ መርዝ ይሁንብዎ።»

ጠጣ። ፓን ብዙ ቃል ያጠፈ ሰው ነው፤ እውነቱ አይደበቅም፤ በሻይ የታሰረውን ግን አንድም ቀን አላፈረሰም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1941 መጨረሻ የጃፓን ጦር እስከዚያ በፈረንጆች እጅ የቀረውን የከተማውን ክፍል ሲይዝ ብዙዎቹ ጋዜጦች ተዘጉ፤ «ሹክሹክታ» በጥቁር ሻካራ ወረቀት እየታተመች ቆየች፤ አንባቢዎቿ ግን ከሳቅ ይልቅ ሩዝ የሚፈልጉ ሆነው ነበር። በዚህ መካከል ታኦ ጂንሸንግ መጣ፤ ቀድሞ በ«ሹክሹክታ» ዓምደኛ የነበረ፣ አሁን ግን ለወራሪዎቹ የዜና ቢሮ ያደረ ሰው ነው።

«ወንድሜ ፓን፣ አንዲት ዓምድ ብቻ ናት» አለ። «ዪን ሱዩን በሬዲዮአችን አልዘፍንም ብላለች። ኦፒየም አጫሽ ናት፣ ገላዋን ትሸጣለች ብለህ ጻፍ። አንባቢ አንተን ያምናል።»

«እኔን? እኔን እኮ እናቴም አታምነኝም።»

«ቀልዱን ተው። ካልወጣ ወረቀት የለም፤ ቤቱም ይታሸጋል።»

«ሻይ ጠጥተናል እኮ፣ ታኦ። አንተም እዚያው ነበርክ።»

«በሰላም ጊዜ የተጠጣ ሻይ በጦርነት ማንን ያስራል?»

ፓን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሩዪ ነገራት። ልጅ አልወለዱም፤ ያሳደጉት «ሹክሹክታ»ን ነበር።

«ዓምዱን ባዶ ተወዋ» አለች።

«ባዶ ከሆነማ ታኦ ስለ ማን እንደነበረ ያወራል፤ ሰዉም የባሰውን ይፈጥርላታል።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው እረድላቸው!»

ማንን? ከከተማው ታዋቂዎች ጋር ሁሉ ሻይ ጠጥቷል፤ ያልታረቀው ሰው ቢኖር ራሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ብዕሩን አንሥቶ «የሹክሹክታ አዘጋጅ ገመና» ብሎ ጻፈ፤ ፓን ዪሰን ጉቦ በላተኛ፣ ኦፒየም አጫሽ፣ የሚስቱን ጉትቻ ሽጦ ለውሽማው ጫማ የገዛ ነው አለ። ሩዪ እያነበበች በሳቅ ፈረሰች።

«ጉትቻዬን የሸጥከው መቼ ነው?»

«ነገ ጋዜጣዋ ስትዘጋ።»

ያን ጊዜ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ጉትቻዋን ግን እዚያው አውልቃ ሰጠችው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ «ሹክሹክታ» እንደ ዱሮዋ ተሻሙባት። ፓን ከጎዳናው ማዕዘን ቆሞ ሻጮቹ ስሙን እየጠሩ ሲሰድቡት፣ የገዛውም ሰው በሳቅ ሲንከተከት ሰማ፤ ያንን ሳቅ ከሰማ ዘመን አልፎት ነበርና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀትር ላይ ወታደሮች መጥተው ማተሚያውን ጭነው ወሰዱ፤ በሩንም አሸጉት። እሱም ከዚያ ወዲያ በገበያ ዳር ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ እየጻፈ ኖሮ፣ የጦርነቱን ፍጻሜ ሳያይ ሞተ።

ዪን ሱዩን ዕድሜ ጠገበች፤ ለወራሪ አልዘፍንም ማለቷም በክብር ተጽፎላታል፤ ይገባታል። ስለ ሻንግሃይ ጋዜጦች ወፍራም መጽሐፍ የደረሰ አንድ ሊቅ ደግሞ ለ«ሹክሹክታ» ጥቂት መስመር ሰጥቷታል፤ ወራዳ ጋዜጣ እንደነበረች፣ አዘጋጇም የገዛ ጋዜጣው እንደሚመሰክርበት ጉቦ በላተኛና ኦፒየም አጫሽ እንደነበረ ይገልጻል። «ሹክሹክታ» በዕድሜዋ ስንቱን ውሸት አትማለች፤ ታሪክ አምኖ የተቀበላት ግን ያቺን አንዲቷን ነው።