መሪውን የያዘው እጅ

ዘፋኙ የሞተው ማይክሮፎኑ ሥር ተደፍቶ ነው። ፖሊስ ሲደርስ የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር፤ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒቱ ደግሞ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ። መርማሪው ከአስከሬኑ ይልቅ ኪሱን ሲመለከት ቆየ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ ሞተ የሚለው ነገር አልዋጥ አለው።

ሟቹን ሁሉም «ሻካራ» ይለዋል። በወጣትነቱ ከሚስቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር የፓንክ ሮክ ባንድ አቋቁሞ፣ እሱ እየጮኸ፣ ወንድሙ ጊታር እየገዘገዘ፣ ሚስቱ ከበሮ እየደበደበች፣ የተከራዩበት ሰፈር ሁሉ ያባርራቸው ነበር። ከዚያ አንድ ልጃቸው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ባንዱም አብሮ ተቀበረ። ሰክሮ ሲነዳ የነበረው የልጁ አጎት ነው ተባለ። አጎትየው ጥፋቱን አምኖ ታሰረ፤ ተፈታ። እናትየው ግን ከዚያ ወዲህ ዋርሳዋን፣ የባሏን ወንድም፣ ክፉም ደግም ተናግራው አታውቅም። ሁሉም ከሸበቱ በኋላ ሻካራ ለምኖ ለምኖ ለአዲስ አልበም ሲሰበስባቸው፣ እሷ ያ ሰውዬ ባለበት አልገኝም ስላለች ድርሻቸውን በየተራ ነበር የሚቀዱት።

ይህን ለመርማሪው የነገረው የስቱዲዮው ባለቤት፣ የድምፅ ባለሙያው ነው። ጠዋት ሻካራ የመጨረሻዋን ዘፈን ብቻዬን ልቅዳ ስላለው መሣሪያውን አስነስቶለት ቁርስ ሊበላ ወጣ። ሲመለስ ሞቶ አገኘው፤ ለወንድምየውና ለሚስትየው ደወለ።

«መድኃኒቱን የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

«ከዘፋኙ ክፍል መስታወት ወዲህ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ። ኪሱ ውስጥ ከሆነ እየተንኳኳ ቅጂውን ያበላሻል።»

ጠብ ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ባለሙያው ነበር አለ። ትናንት ወንድማማቾቹ ተጯጩኸዋል፤ ታናሽየው ይህቺን ዘፈን ከቀዳህ ወንድም የለኝም በል ብሎታል። ግጥሟን ግን ሻካራ ለባለሙያውም ሆነ ለሚስቱ አላሳየም።

መርማሪው ባለሙያውን አስወጥቶ ዘፈኑን ብቻውን አዳመጠ። እንደገናም አዳመጠው። ማዳመጫውን ሲያወልቅ ዓይኑን እያሸ ነበር።

ጊታሪስቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ቤቱ ተኝቶ እንደነበር፣ ያየው ሰው እንደሌለ ተናገረ። የጠቡን ምክንያት ሲጠየቅ፣ የወንድማማች ነገር ነው፣ ከእሱ ጋር ይቀበር አለ። የሟች ሚስትም እስኪደወልላት ድረስ ከቤት እንዳልወጣች፣ ዘፈኑንም እንዳልሰማች ገለጸች። ይህን ብላ ዞር ስትል ዋርሳዋን አየችው። ጃኬቷን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«ልበሰው ወንድሜ። ብርድ ይዞሃል።»

ሰውዬው በጥፊ እንደተመታ ቀና ብሎ አያት። መርማሪው ሁለቱንም አየ።

ወዲያው ሦስቱን መቅጃ መሣሪያው ያለበት ክፍል ሰበሰባቸው። በመስታወቱ በኩል ባዶው ማይክሮፎን ይታያል።

«መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ኪሱ ውስጥ ቢሆን አውጥቶ ይስበው ነበር» አለ። «ስለዚህ ከዚህ ጠረጴዛ አንስቶ፣ ከሞተ በኋላ ኪሱ የከተተው ሰው አለ። ቅጂውም ሻካራ ማሳል ሲጀምር ይቋረጣል። ማቆሚያው ያለው እዚህ ነው። እሱ ሲዘፍን አንድ ሰው እዚህ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።»

ባለሙያውን ቁርስ ቤት ያዩት ብዙዎች ናቸው። ጊታሪስቱ ዘፈኑ እንዲቀር ይፈልግ ነበር፤ እሱ ቢሆን ቅጂውን ሳያጠፋ አይሄድም። መርማሪው ይህን አስረድቶ ወደ ሴትየዋ ዞረ።

«ሻካራ በዘፈኑ፣ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ከአደጋው በኋላ ወንድሜ ገፍቶኝ መሪው ላይ ተቀመጠልኝ ይላል። ከእኔ በቀር ይህን ዘፈን ሰማሁ ያለ የለም። እርስዎ ግን ስንት ዓመት ያላነጋገሩትን ሰው ዛሬ ወንድሜ አሉት። ንጹሕ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። እሷ እጆቿን አየች።

«ለጉሮሮው ሻይ ይዤለት ነው የመጣሁት» አለች። «ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍን ነበር። ሲጨርስ አየኝ፤ መስማቴን አወቀ። ሳሉ ሲነሳበት ቅጂውን አቆምኩት፤ መድኃኒቱን አመለከተኝ። አነሳሁት። ለመስጠት ግን እጄ እምቢ አለኝ። በመካከላችን ያለው በር ክፍት ነበር እኮ፤ ግን አልመጣም። እያየኝ ቁጭ አለ። ኋላ ኪሱ የከተትኩት እንዳይታወቅብኝ ይሁን፣ እንካ ልለው ይሁን፣ እኔም አላውቀው።»

«ቅጂውንስ ለምን አላጠፉትም?»

«የወንድሙ ንጽሕና ያለው እዚያ ብቻ ነዋ።»

ጊታሪስቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ልጅሽን ቀብረሻል፤ ባልሽን ደግሞ በቁሙ እንዳትቀብሪው ብዬ ነው ጥፋቱን የወሰድኩት። ለዚህ ነው አትዝፈናት ያልኩት።»

አንድ ፖሊስ ክንዷን ሲይዛት ወደ ዋርሳዋ ዞራ ቆም አለች።

«የልጄ መቃብር ጋ ሄደህ ታውቃለህ?»

«እንዳልደርስ ብለሽ የለ። የቱ ጋ እንደሆነም አላውቅ።»

እዚያው ቆማ መንገዱን ትነግረው ጀመር። በኋለኛው በር ነው የሚገባው፤ አጥሩን ይዘህ ትወርዳለህ፤ የውሃ ቧንቧው ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ፤ ሰማያዊ ቀለም ነው የቀባሁት። እሱ ከሥር ከሥር እየደገመ፣ ሲሳሳት እያረመችው፣ እንደገና ከበሩ ጀመሩ። መርማሪው ፖሊሱን በዓይኑ ጠብቅ አለው።