ማወዳደሪያው ደም

ጤነኛ የሚባለው የማን ደም ነው? ዶክተር ትርሲት ባሕር ማዶ በተማረችባቸው ዓመታት ይህን ጠይቃ አታውቅም፤ እዚያ መሣሪያው የሚፈተሽበት ፈሳሽ ታሽጎ ይመጣል። አሁን በምትሠራበት በኮምቦልቻ ሆስፒታል ግን ፈሳሹ ካለቀ ቆይቷል። የላቦራቶሪው ሠራተኞች እንደ ልማዳቸው ከበሽተኛው ደም ጎን የአንዳቸውን ደም ያስገባሉ፤ የጤነኛው ቁጥር ዝቅ ካለ መሣሪያው አልዋሸም ማለት ነው። ሰሞኑን ክንዱን የሚሰጠው ወንድይፍራው ነበር።

«ቅጂ እንግዲህ፤ ፈረንጅ አገር እንደዚህ ያለ ደም አላየሽም» ይላታል እጅጌውን እየጠቀለለ።

በሽተኛው አንዷለም ይባላል፤ ትኩሳት ጥሎት ሲነሳ የልቡ ጡንቻ የተቆጣበት የፋብሪካ ወጣት። ጡንቻው ሲጎዳ ትሮፖኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይፈስሳል፤ ትርሲት በየጠዋቱ የምትከታተለው ያንን ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ጣሪያ ነክቶ ነበር፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። እፎይ ልትል ስትል የወንድይፍራው ከፍ አለ።

መሣሪያውን ጠረጠረች፤ ቀጥሎ በብልቃጦቹ ላይ የተጻፈውን ስም፤ ቀጥሎ ራሷን። ደግማ ቀዳች። በረኪና በሚሸተው፣ መጋረጃው ቀን ከሌት በማይገለጠው ክፍል ውስጥ አሮጌው መሣሪያ እንደ ሕመምተኛ እያቃሰተ ያንኑ መለሰላት፤ የአንዱ በወረደ ልክ የሌላው ወጥቷል።

«ልብህ ተቆጥቷል፤ አልጋ ያዝ» አለችው።

«የተቆጣው በአለቃችን ነው፤ ይበርድለታል» አለ ወንድይፍራው። ሲወጣ ግን ደረጃው መሃል ላይ ቁጭ ብሎ አየችው።

የአንዷለም እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ጠዋት ጠዋት ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«ዛሬስ ልጄን የሚያግዘው ማን ነው?»

«ማንም አያግዘውም እማማ፤ ለማወዳደር ነው እንጂ።»

«ሸክም የሚቀለው ሲካፈሉት ነው፣ ልጄ» ይሏታል በለሰለሰ ድምፅ።

ትርሲት በሰው ደም ማወዳደሩን አስቆመች። በማግስቱ ወንድይፍራው አሁን ስለ ራሱ ሕመም ሊመረመር መጣ። ቀልዱ የለም። ክንዱ እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል፤ መርፌው ገብቶ እንኳ ደሙ እንዳመነታ ሰው ዘግይቶ፣ ጠቁሮ፣ ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር እየተጣበቀ ወረደ።

«ልብሴን ይዤ ልምጣና እተኛለሁ። ውጤቱን በስልክ ላኪልኝ» አላትና በባጃጅ ሄደ።

መሣሪያው ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አቃሰተ። ከዚያ ጸጥ አለ። በወንድይፍራው ደም ውስጥ ትሮፖኒን የሚባል ነገር የለም፤ ርዝራዡ እንኳ። ትርሲት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ስንት ቀን የተሸከመችው ድካም ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት። «ደምህ ንጹሕ ነው፤ ድነሃል» ብላ ላከችለት።

ወደ አንዷለም ክፍል ስትገባ ተቀምጦ ገንፎ ይበላል። ፊቱ ወዝቷል። ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አሳረፈች። ምቱ ብርቱ ነበር። ከብርቱው ምት ሥር ግን ሌላ ምት አለ፤ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው ሰው እያረፈ፣ እየዘገየ የሚከተል።

«ምን ሰማሽ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ ከኋላዋ። «ያ ልጅ እኮ አልሰሰተም። ሁሉንም ሰጠው።»

ስልኳን አወጣች፤ መልእክቱ ደርሷል፣ መልስ የለውም፤ መልሱ በኋላም አልመጣም፤ ልብ ትሮፖኒን ማፍሰሱን የሚያቆመው ሲድን ብቻ ሳይሆን የሚያፈሰው ጡንቻ ሲያልቅበትም እንደሆነ ትርሲት ያስታወሰችው ያኔ ነው።