ዳቦዋን የማይበላው ሰው

ትርንጎ ምንይችልን በደንብ ያየችው ግንባሩን ከፈነከተችው በኋላ ነው።

ገና ማለዳ ነበር። የጋገረችውን ዳቦ ቤት አስገብታ ስትወጣ አንድ ጎረምሳ ምድጃዋ ሥር አጎንብሷል። ያቺ ምድጃ ደግሞ የዋዛ አይደለችም! ከአሮጌ በርሜል፣ ከጭቃና ከድንጋይ፣ ማንም ሳያስተምራት ራሷ የሠራቻት ናት። ሦስቴ ፈርሳባት በአራተኛው ቆመችላት። ከላሊበላ የእንግዳ ማረፊያዎች ስንቶቹ የቁርስ ዳቦ ከእሷ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ «ማነህ?» በማለት ጊዜ አላጠፋችም። ዳቦ የምታወጣበትን ረጅም እንጨት አነሳችና... ጧ!

ሰውየው ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ።

«እንዴ! በእናንተ ሰፈር እሳት የሚያጠፋ ሰው ይፈነከታል?»

ያኔ ነው ያየችው። ፍም ከምድጃው ተንከባሎ የማገዶውን ክምር ይዞታል፤ እሱ በጫማው እየረገጠ፣ አፈር እየበተነ ሲያጠፋላት ነበር። በር ላይ የቆመችው ባጃጁ ከፍላቂት የመጣላትን ሁለት ጆንያ ዱቄት ይዛለች።

«ይቅርታ» የሚባል ቃል ከትርንጎ አፍ አይወጣም። ሻሿን ፈታች፣ ከዳሩ ቀደደችና ግንባሩን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ትኩስ ዳቦ እጁ ላይ ጣል አደረገችለት።

«ብላ! ደሙ የፈሰሰ ሰው በባዶ ሆዱ አይሄድም።»

«ካሣው ይሄ ነው?»

«እሱም በዝቶብሃል።»

ሳቀ። ሲስቅ ደሙ ቅንድቡ ላይ ወረደ። ግማሹን ዳቦ በሁለት ጉርሻ ዋጠው።

«ወይ ሙያ! ማን ልበልሽ?»

«ትርንጎ አረጋ። አገራችን ኮን ነው።»

እጁ አፉ አጠገብ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀሪውን ግማሽ ዳቦ ጃኬቱ ውስጥ ከተተ፣ ጆንያዎቹን አወረደ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ሄደ።

«አናቱን አዙሬበታለሁ ማለት ነው» አለች ትርንጎ በልቧ።

ግን ተመለሰ። መጀመሪያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ። ዱቄት ያመጣል፣ ዳቦዋን በባጃጁ ያደርስላታል። እናቷን እትዬ ደብሪቱን ባየ ቁጥር ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል። ከትርንጎ ጋር ግን ንግግራቸው ሁሉ ጠብ ነው።

«ምን ያስፈጥጥሃል?»

«ጉንጭሽ ላይ ዱቄት አለ።»

«ታዲያ አታነሳውም? እጅህ ተቆርጧል?»

እጁን ዘረጋ... መልሶ ሰበሰበው። ትርንጎ ያን ቀን ሁለት መጋገሪያ ሙሉ ዳቦ አሳረረች።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባታል። ዳቦዋን አይቀምስም። ዛሬ ጾም ነው ይላል፣ ነገ ሆዴን አሞኛል፣ ከነገ ወዲያ ጠግቤያለሁ። ስምንት ወር! አገር የሚያደንቀውን ዳቦ የምትወደው ሰው አይበላላትም።

አንድ ቀን ቆረሰችና አፉ ድረስ አስጠጋችለት።

«ጉረስ!»

«ትርንጎ፣ ተይኝ...»

«ዳቦዬ ጎመዘዘህ? ወይስ ንቀኸኝ ነው?»

«እኔ አንቺን ልናቅ! እማማ ደብሪቱ በእጃቸው ቆርሰው የሰጡኝ ዕለት እበላለሁ።»

«እናቴን ምን አገባት?»

ምንይችል የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«ሂድልኝ! እጄን የናቀ አፍ ስሜን አይጥራ!»

ዳቦውን ደረቱ ላይ ወረወረችበት። ከመሬት አነሳው፣ ሳመው፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጦላት ወጣ።

እዚያ ቤት የማይነሳ ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷ ሞት። አረጋ ከሰባት ዓመት በፊት በእርሻ ድንበር ጠብ በጎረቤቱ ተገደለ። ገዳዩ አዳም ከእስር ሳይወጣ በበሽታ ሞተ። ዘመዶቹ ተበተኑ፤ ለዕርቅ የመጣ ሰው የለም። እትዬ ደብሪቱ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ላሊበላ ገቡ። ታላቅየው ምስክር ድንጋይ ጠራቢ ሆነ። መዶሻውን ሲያሳርፍ ላየው፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አይመስልም፤ ሰው ነው የሚመስለው።

ከዳቦው ጠብ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን፣ አንድ የኮን ሰው ምስክርን በጣቱ ነካ አደረገው። «ያ ባጃጅ ነጂ የአዳም ልጅ አይደል? ፍላቂት አክስቱ ዘንድ ያደገው?»

ምስክር መዶሻውን እንደያዘ ወደ ቤት ሮጠ። ምንይችል ያኮረፈችውን ትርንጎን ቀና ብሎ ሳያይ ዳቦ እየጫነ ነበር። የመጀመሪያው ምት የባጃጁን መስታወት አረገፈው።

«ምን ሆነሃል ወንድምዓለም!» ጮኸች ትርንጎ።

«የአባቱን ስም ጠይቂው!»

ጠይቃው አታውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ዳቦ ስትጨቃጨቅ አንድ ቀን አልጠየቀችውም። ዞረች።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአዳም» አለ። «የአባትሽ ገዳይ የአዳም ልጅ ነኝ።»

ትርንጎ ዘለለች። ለማገላገል ግን አልነበረም። ባላት ጉልበት ሁሉ በጥፊ መታችው። ከኋላዋ ምስክር መጣ። መዶሻው ሲወርድ ምንይችል ፈንጠር አለና ምድጃዋ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ፍሙ በግቢው ተበተነ። ሁለተኛው ምት ትከሻውን አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። በጉልበቱ ወደቀ። እጁን ግን አላነሳም።

«ተከላከል!» ጮኸ ምስክር። «ተከላከል እንጂ! አንተ የውሻ ልጅ!»

አንገትጌውን ይዞ ሲጎትተው ጃኬቱ ተተረተረ። ከውስጡ ትንሽ ጥቅልል ወደቀች። ትርንጎ አወቀቻት። ደም የደረቀበት የሻሿ ቁራጭ ነው። ውስጡ እንደ ድንጋይ የደረቀ ግማሽ ዳቦ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ግማሹን ሳላውቅ በላሁት። ስምሽን ስትነግሪኝ አቆምሁ። ደም በዕርቅ ሳይደርቅ የሟቹን ቤት እህል መብላት... አይቻልም። መጣልም አልቻልሁም።»

«በአባቴ ቤት በላህ!» ምስክር መዶሻውን ከራሱ በላይ አነሳ።

«ምስክር!»

እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቋል፣ ደረታቸውን ገልጠው ጡታቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ! ባሌን መሬት በላው። አንተን እስር ቤት ሊበላህ ነው? እኔ ስንት ሬሳ ልቁጠር?»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ምስክር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናትየው የወደቀውን ልጅ አዩት።

«ስምንት ወር ጉልበቴን ስትስም ለዕርቅ ነበር ወይስ ለልጄ?»

«ለዕርቅ ነበር መምጣት የነበረብኝ እማማ። ፈራሁ። ልጅዎን ስወድ ደግሞ ባሰብኝ።»

«ፈሪ!» አለች ትርንጎ፤ እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ።

«እንግዲያው በወጉ ና» አሉት እትዬ ደብሪቱ።

በወጉ መጣ። ትከሻው የተሰበረ ክንዱን በጨርቅ አንግቶ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በባዶ እግሩ። ከፊቱ አባ ገብረ ዮሐንስ መስቀል ይዘዋል፣ ከኋላው ሽማግሌዎች አሉ። ድንጋዩን ከአንገቱ የሚያወርደው የሟች ልጅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ምስክር በር ዘጋ። በሁለተኛው ጥሏቸው ወጣ። ትርንጎ ምድጃዋ ስለፈረሰች በጉልቻ ላይ ከላይና ከታች እሳት አድርጋ ሁለቱንም እሑድ ድፎ ጋገረች፤ ሁለቱንም ጎረቤት በላው።

በሦስተኛው እሑድ ካፊያ ጣለ። ምንይችል ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እስከ ቀትር ቆየ። አንገቱ ደማ። ትርንጎ ሮጣ ልታወርድለት ሁለቴ ተነሳች፤ ሁለቴም እናቷ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት።

ምስክር ከቤት ወጣ። ምንይችል ፊት ቆመ።

«ከበደህ?»

«ከበደኝ።»

«እኔ ሰባት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።»

ምስክር ጎንበስ አለ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአንገቱ ላይ አነሳው። ደረቱ ላይ አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አባ ገብረ ዮሐንስ ድፎውን ባረኩ። እትዬ ደብሪቱ ቆርሰው በእጃቸው አጎረሱት። ምንይችል አፉን ሞልቶ ተንሰቀሰቀ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ትርንጎ በኋላ፣ ከሰው ራቅ ብለው።

«ታባርሪኛለሽ ብዬ።»

«አላባረርኩህም እንዴ?»

«አባረርሽኝ።»

«ተመለስክ እንጂ...» አለችና ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳመችው። ይቅርታዋ ይኸው ነበር።

ምስክር ምድጃዋን ራሱ ሠራላት። ያን ድንጋይ አልጣለውም፤ ጠረበና ከሥር መሠረት አደረገው። በጥር ተጋቡ። በማግስቱ ከዚያች ምድጃ የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ባሏ ቆርሶ አኘከ፣ አኘከ...

«ጨው አንሶታል።»

ትርንጎ ዞር ብላ ረጅሙን እንጨት አነሳች።