የብርቄ ደብዳቤና ሁለት ሁለት ምስር

የብርቄ አባት ሚኒባስ ይነዳል። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ብርቄ ከተኛች በኋላ ይገባል።

እሑድ እሑድ ግን ከጎኑ አስቀምጦ አንድ ዙር ይወስዳታል። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፦ «ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው! ጠጋ ጠጋ በሉ!»

ብርቄ ይህን ጥሪ ስትወደው ለጉድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብርቄ ትምህርት ቤት ግጥም ልታነብ ነው። የሁሉም ልጅ ወላጅ ይመጣል። አባዬስ? አባዬ አልሰማም!

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈችለት። ወረቀቷ ትንሽ፣ ወሬዋ ብዙ። እንደ ረዳቱ እጇን አውለበለበችና ቃላቱን፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለቻቸው።

ቃላቱም ጠጋ አሉ።

አባዬቅዳሜጠዋትትምህርትቤትናግጥምአነባለሁ

ማታ ደብዳቤውን አባቷ ጫማ ውስጥ ከተተችው።

ጠዋት ስትነሳ አባቷ የለም። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

«ሊያነበው ሞክሮ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቷ። «መያዣ መጨበጫው ጠፋበት። ሰዓቱም ሄደበት።»

ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው! ብርቄ ወረቀቷን ይዛ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እማማ ደብሪቱ ሮጠች።

እማማ ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ምላሳቸው ሚጥሚጣ ነው፤ ጉንጫቸው ግን ለመሳም ይመቻል።

«እማማ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። አየር ሳቡ።

«አባዬቅዳሜጠዋትትምህርትቤትና… እፍፍፍ! ትንፋሼ አለቀ!»

እንደገና ሞከሩ። «አባዬቅዳሜጠዋትትምህርትቤትናግጥም… እፍፍፍ! ትንፋሼ አለቀ! አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ? ማነው እንዲህ የጠቀጠቃቸው?»

«እኔ ነኝ። ጠጋ ጠጋ በሉ ብያቸው ነው።»

«ኤዲያ! ይሄ ታክሲ ነው? እያቸው እስቲ፣ ‹ቅዳሜ› የ‹አባዬ›ን እግር ረግጦታል!»

ብርቄ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። «ታዲያ አባዬ ላይመጣ ነው?»

«ማን አለሽ? እኔ ደብሪቱ እያለሁ! የተማርኩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው፤ ግን ደንበኛ ትምህርት ነው። በእኛ ጊዜ በቃልና በቃል መሃል ሁለት ነጥብ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ነጥቡን ትተውታል፤ ቦታው ግን አለ። በይ ምስር ዝገኚ!»

ብርቄ ትልቅ ወረቀት አመጣች። «አባዬ» ብላ ጻፈች። ሁለት ምስር፣ ጠብ ጠብ!

«ቅዳሜ» ብላ ጻፈች። ሁለት ምስር፣ ጠብ ጠብ!

«ጠዋት» ብላ ጻፈች። ሁለት ምስር፣ ጠብ ጠብ! እስከ መጨረሻው፣ ጠብ ጠብ!

ይሄኔ ድምቡሼ የምትባለው የእማማ ዶሮ መጣች። «ኩክ… ኩክ… ኩክ…»

ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

«ወይኔ ምስሬን!» ብርቄ ለቅሶዋን አቀለጠችው።

«እሽ! አንቺ ሆዳም!» እማማ ዶሮዋን አባረሩ። ከዚያ ወደ ብርቄ ዞሩ። «ፊደሉን በላችው?»

«አል… አልበላችውም።»

«ቦታውንስ?»

ብርቄ ዐይኗን ጠረገችና አየች። ምስሩ የለም። ቦታው ግን እዚያው አለ!

አባዬ  ቅዳሜ  ጠዋት  ትምህርት  ቤት  ና።  ግጥም  አነባለሁ።

እማማ ጮክ ብለው አነበቡት። በየቦታው ትንሽ ትንሽ እየተነፈሱ፣ ቀስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው።

«አየሽ? አልሞትኩም!» አሉና ጉንጫቸውን ለመሳም አቀረቡላት።

ማታ ደብዳቤው እንደገና ጫማ ውስጥ ገባ። ጠዋት ጫማውም የለም፤ ደብዳቤውም የለም።

ቅዳሜ ደረሰ። ብርቄ መድረክ ላይ ወጣች። በሩን አየች። አባዬ የለም። እንደገና በሩን አየች።

ድንገት ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ፦ «ይቅርታ፣ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ! አንድ አባት!»

አባዬ ነው! ብርቄ ትንሽ ተነፈሰችና ግጥሟን አነበበች።

የዚያን ቀን አባዬ በጊዜ ገባ። ብርቄን አስተኝቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጋደም አለ።

«አባዬ…»

«ወዬ?»

«ጠጋ በል።»

ጠጋ አለ።

በብርቄ ቃላት መሃል ቦታ አለ። በብርቄና በአባቷ መሃል ግን፣ ሁለት ምስር የምታስቀምጥ ቦታ እንኳ አልነበረችም።