የሐሙስ ኮፒ

«አስራ ዘጠኝ ሰዓት ይቀራል» ይል የነበረው ስክሪን አሁን «ሃያ ስድስት» አለ። ሪም ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ኧረ እንዲህ ወደ ኋላ የሚሄድ ሥራ የት አለ?

አሶሳ፣ በትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል ጥግ ላይ ያለው ሰርቨር ከጠዋት ጀምሮ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ቲቸር በለጡ ተዛውረው ከመሄዳቸው በፊት የቀረጿቸው የአስራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርቶች አሉ። በእሳቸው ቦታ የተተካ መምህር የለም። የሪም እህት ኑሃና የክፍል ጓደኞቿ ለፈተናው ያላቸው እነዚያ ቪዲዮዎች ብቻ ናቸው።

ሪም ገመዱን ቀየረች። አንቲቫይረሱን አጠፋች። የምትገለብጥበትን ዲስክ ከፊት ነቅላ ከኋላ ሰካችው። ፍጥነቱ ትንሽ ተነሳና መልሶ ተኛ። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነባት።

«ሀዲል፣ በቃ የረመዳኑን ኮፒ አምጣ። በየሐሙሱ የምትገለብጠው አንተ አልነበርክ?»

ሀዲል ቲቸር ደባልቄ በሚመሩት የኮምፒውተር ክበብ ጓደኛዋ ነው፤ አፉ የማያርፍ ልጅ። አሁን ግን ጫማውን ያያል።

«የለም» አለ።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ኮፒው። ያኔም እንዲሁ ይንቀራፈፍ ነበር። የመግሪብ ማፍጠሪያ ሊደርስ ሲል ነቅዬው ወደ ቤት እሮጣለሁ። ለቲቸር ደባልቄ ወላሂ አልቋል እላቸዋለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ፆመኛ ነበርኩ ሪም፣ ርቦኝ ነው።»

ሪም ደሟ ፈላ። ፆመኛ ሆኖ በአላህ ስም መዋሸት! ይበልጥ ያቃጠላት ግን ሌላ ነው። ለካ ገመዱም ምኑም አይደለም፤ የሰርቨሩ ዲስክ ራሱ ያኔ ታሞ ኖሯል። ዝግታው ሕመሙ ነበር፤ አሁን እየሞተ ነው። ያኔ ቢናገር ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ አሁን ምን ይደረጋል?

«ቲቸር ኮፒው አለ ብለው ነው የሚያምኑት» አለ ሀዲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አስራ ሁለተኞቹን ሰኞ እከፍትላችኋለሁ ብለዋቸዋል። ሰኞ ሲደርስ ኮፒውም ተበላሸ እንላለን። ማን ያውቃል? ከሰሙ ከክበቡ ያባርሩኛል።»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። ብትናገርም ዲስኩ አይድንም። ደግሞ ሀዲል ጓደኛዋ ነው፤ ሌሎቹ የክበቡ ወንዶች ሲያባርሯት ከአጠገቡ ያስቀመጣት እሱ ነው።

ስክሪኑ «ሠላሳ አንድ» አለ።

በመስኮቱ ቲቸር ደባልቄ ይታያሉ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ከበዋቸዋል፣ ኑሃም አለች። እየተሳሳቁ ነው። ለፈተናው ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም። እነዚህ ልጆች እስከ ሰኞ እጃቸውን አጣጥፈው ሊጠብቁ ነው፤ ለማይመጣ ነገር።

ሪም ተነሳች።

«ወዴት ነሽ?»

«ቲቸር ጋ።»

«ሪም፣ ወላሂ ሁለተኛ...»

«አትማል» አለችው።

ግቢው ፀሐይ ነው። ቲቸር ደባልቄ ሲያዩዋት «ኧህ፣ የኛ ኢንጂነር» አሉ። ኑሃ ሳቀች። ሪም የእህቷን ፊት ላለማየት ብትሞክርም አየችው።

«ኮፒ የለም ቲቸር» አለች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ሰኞን አትጠብቁ።»