የግራዋ ዋኔ

በእኛ ተራራ የዳንግሎይን ያህል ዋኔ አስመስሎ የሚጮህ አልተፈጠረም። አንዴማ ሴቶቹ ዋኔዎች ባል መስሏቸው ባርኔጣው ውስጥ እንቁላል ጣሉ፤ ያላመነ ባርኔጣውን ይጠይቅ።

ከሱማይ ጋር ያገናኘውም ይኸው ጉሮሮው ነው። ስኳር ድንች አዝላ ወደ ገበያ ስትወርድ በግራዋ «ኩ-ኩሉ!» ተባለ። ዋኔ በቀኝ ከጮኸች መንገዱ ቀና ነው፤ በግራ ከጮኸች ግን ንጉሥ ቢጠራህም ትመለሳለህ። ተመለሰች። ደግማ ወጣች፤ አሁንም «ኩ-ኩሉ!» በሦስተኛው ቀና ብትል ዋኔዋ ሱሪ ለብሳ ዛፍ ላይ ተቀምጣለች።

«አንተ ባለጌ! ገበያው ተበተነ እኮ!»

«ስትመለሺ ደግሜ ልይሽ ብዬ ነው።»

ትልቁን ስኳር ድንች ወረወረችበት። ቀለበና ዓይን ዓይኗን እያየ ጥሬውን ገመጠው። እሷም መሄዱን ረሳችው።

ከዚያ ወዲያ ጩኸቱን አስተማራት። ከንፈር ማሞጥሞጥ ብቻውን ስንት ወር እንደፈጀ እኔን አትጠይቁኝ።

አባቷ፣ የመንደሩ አለቃ ዳቱ ማንላፒግ፣ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ስልክ ይዘናል፤ ዛሬ የወፍ ቃል የሚሰማ ማን አለ?» ይላሉ። ይበሉ እንጂ፣ በግራ የሰሙ ዕለት ጉንጫቸው አብጦ እያለ ከጥርስ ሐኪም መንገድ ተመልሰዋል። ሱማይን አንድ የከተማ እንጨት ነጋዴ ለትዳር ጠይቋቸው ነበርና፣ «የዳንግሎይ ሽማግሌዎች ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ የቤቴን ደረጃ ካልወጡ ነገ ቃሌን ለነጋዴው እሰጣለሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አሳማ እየነዱ፣ የነሐስ ደወል ተሸክመው ተነሱ። ሱማይ መንገዱ ይቃናላቸው ብላ ወርዳ እንሰት የሚመስለው የአባካ ተክል ውስጥ ተደበቀች። ከመንገዱ በቀኟ በኩል ሆና፣ አሳምራ «ኩ-ኩሉ!» አለች።

ሰዎቹ ባሉበት ደረቁ። የዳንግሎይ አጎት አሳማውን አዞረ። «ግራ ነው! ወደ ቤት!»

ለካ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ ኖሯል፤ የሷ ቀኝ የእነሱ ግራ ነው።

ከኋላ የሚከተለው ዳንግሎይ ድምፅዋን ለየ። «አጎቴ፣ ዋኔ አይደለችም!»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

 በወፍ የቀለደ መብረቅ ይመታዋል ይባላል፤ እንዴት ያሳጣት? ዳንግሎይ ጥሻውን ብቻ አየ። ያን አስተያየት ያየች ልጅ ተደብቃ መቅረት አትችልም፤ ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቶ ወጣች።

«እኔ ነኝ።»

ሁሉም ሰማይ ሰማይ አየ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ማንም ይጩኸው፤ ጆሮዬ የሰማው ግራ ነው» አለ አጎት። «አልሄድም!»

ፀሐይዋ ተራራው ላይ ተንጠልጥላለች። ጫጫታውን ሰምተው ዳቱ ማንላፒግ ወረዱ። ነገሩ ሲነገራቸው ልጃቸውን አዩ፤ ዳንግሎይንም አዩ፤ ወደ አጎትየው ዞሩ።

«ስማ፣ ግራውን በልጄ ጉሮሮ ተቀበልክ?»

«ተቀበልኩ።»

«እንግዲያው ቀኙንም ትቀበላለህ። ሱማይ፣ ተሻገሪ!»

ተሻገረች። ዳንግሎይን ስታይ ግን ሳቅ ከንፈሯን አላስሞጠሙጥ አላት። ሞከረች፤ «ፍፍፍ» አለች። ፀሐይዋ ግማሽ ቀረች።

«ወይኔ ልጅ!» አሉ ዳቱ። እሳቸው ራሳቸው በሽማግሌዎቹ ቀኝ ቆመው፣ ሌላ ሰው እንዳያያቸው ግራ ቀኝ ገልመጥ ብለው፣ «ኩ-ኩሉ!»

ደረጃውን ቀድሞ የወጣው አሳማው ነው፤ ሙሽራው ተከተለ።

ሱማይ ዛሬም ገበያ ስትወጣ በግራዋ «ኩ-ኩሉ» ትላለች አንዲት ዋኔ። ሱሪ እንደለበሰች ታውቃለች። ትመለሳለች።